የሴንሰር ኔትወርክ ራውቲንግ፦ ደህንነት ስጨምር ባትሪው ያልቃል፤ የቱን ልቀንስ?

የጣና_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴን የምሠራው በሽቦ አልባ የሴንሰር ኔትወርክ ላይ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከቆጋ መስኖ ነው። እዚያ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት በቦይ ውኃ ይለማል። የአፈር እርጥበት የሚለኩ ትንንሽ ኖዶች በየማሳው ቢተከሉ ውኃው የት እንደሚያስፈልግና የት እንደሚባክን ማወቅ ይቻላል። ኖዶቹ በባትሪ ነው የሚሠሩት። ማሳ ለማሳ እየዞረ ባትሪ የሚቀይር ሰው ግን አይኖርም።

መነሻዬ ሊች የተባለው የራውቲንግ ፕሮቶኮል ነው፤ ፓኬት (የመረጃ እሽግ) በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስን አሠራር ማለት ነው። በላዩ ላይ ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንዱ የኤኢኤስ-128 ኢንክሪፕሽን ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ኖድ ጎረቤቱን እያዳመጠ «ፓኬቴን አሳልፎልኛል ወይስ ጥሎታል?» ብሎ ነጥብ የሚሰጥበት የእምነት ስሌት ነው። ሲሙሌሽኑ 100 ኖድ አለው። ውጤቱን ሳየው የመጀመሪያው ኖድ የሚሞትበት ጊዜ በጣም ቀደመ። አድቫይዘሬ ርዕሱ ላይ «ኃይል ቆጣቢ» የሚለው ቃል ካለ ውጤቱም ቆጣቢ መሆን አለበት አሉኝ። ልክ ናቸው።

ኢንክሪፕሽኑን ላቅልለው ወይስ የእምነቱን ስሌት ላውጣው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

ሶኬት

ኤኢኤሱን በሶፍትዌር አትሥራው። ቴሎስቢ በተባለው የሴንሰር ኖድ ላይ ያለው ሲሲ2420 ሬዲዮ በቺፑ ውስጥ ኤኢኤስ-128 አለው። ከዚያ በኋላ የወጡት አብዛኞቹ ቺፖችም አላቸው። ኢንክሪፕሽኑ ባትሪህን አይደለም የጨረሰው፤ ሌላ ቦታ ፈልግ።

አንቴና

ሶኬት ያለው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ በቁጥር ላሳይህ፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ሲሲ2420ን እንውሰድ። ሲልክ 17.4 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ሲያዳምጥ 18.8 ሚሊአምፔር። ልብ በል፣ ማዳመጡ ከመላኩ ይበልጣል። በ3 ቮልት ብታሰላው አንድ ሰከንድ ማዳመጥ 56 ሚሊጁል ገደማ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ስለሆነ አንድ ቢት መላክ 209 ናኖጁል አካባቢ ይፈጃል።

አሁን የደህንነቱን ዋጋ እናስላ። በ802.15.4 (እነዚህ ሬዲዮዎች በሚከተሉት የመገናኛ ደረጃ)፣ ትንሹን አማራጭ ብትወስድ፣ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 5 ባይት የደህንነት ራስጌና 4 ባይት ማረጋገጫ ኮድ ትጨምራለህ። በድምሩ 9 ባይት፣ ማለትም 72 ቢት። ይህን ለመላክ 15 ማይክሮጁል ይበቃል። ተቀባዩም ተቀራራቢ ይከፍላል።

አንድ ሰከንድ በከንቱ ማዳመጥ ከ3,700 በላይ ፓኬቶችን በደህንነት ጠብቆ ከመላክ ጭማሪ ጋር እኩል ነው። ኖድህ በየ15 ደቂቃው አንዴ ቢልክ በቀን 96 ፓኬት ነው። ስለዚህ በአንዲት ሰከንድ የሬዲዮ ብክነት የራሱን ፓኬቶች ከአንድ ወር በላይ መጠበቅ ይችል ነበር።

ሬዲዮው ጨርሶ ካልተኛ 2,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያላቸው ሁለት ባትሪዎች ከ5 ቀን ተኩል አያልፉም። ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነቃ በስሌት ዓመት ተኩል ይደርሳሉ። ባትሪው በራሱ የሚያጣው ሳይቆጠር ማለቴ ነው። የኔትወርክ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ «ኢንክሪፕሽኑን ላቅልለው?» ለሚለው መልሴ አይደለም ነው። አንድም ባይት አትቀንስ። የእምነቱ ስሌት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎረቤትህ ፓኬትህን ማሳለፉን ለመስማት እሱ በሚልክበት ሰዓት የአንተ ሬዲዮ ክፍት መሆን አለበት። ባትሪህ ያለቀው በዚህ ነው።

የጣና_ልጅ

ጋሼ አንቴና፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። እኔ የተጠቀምኩት የሊችን የኃይል ሞዴል ነው፤ ለኤሌክትሮኒክሱ በቢት 50 ናኖጁል፣ ለማጉያው በቢት 100 ፒኮጁል ሲባዛ በርቀት ካሬ። እዚያ ሞዴል ላይ ዝም ብሎ ማዳመጥ ዋጋ የለውም። ታዲያ የእኔ ባትሪ በምን አለቀ?

አንቴና

ጥሩ ጥያቄ። በአንተ ሞዴል ጎረቤት ማዳመጥ እንደ መቀበል ተቆጥሯል፤ ለእያንዳንዱ ለሰማኸው ቢት 50 ናኖጁል ከፍለሃል። ፓኬት እየጠበቀ የሚያዳምጥበት ጊዜ ግን በነፃ አልፏል። በእውነተኛው ቺፕ ነፃ አይደለም። ስለዚህ እውነተኛው ውጤት ካየኸው ይከፋል።

ሊች በ2000 ከኤምአይቲ ሲወጣ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ክብሩን አልነካበትም። ጥቂት ኖዶች በዕጣ ክላስተር ሄድ (የቡድን መሪ) ይሆናሉ፣ ሌሎቹ ለእነሱ ይልካሉ፣ በየዙሩ ተራው ይቀየራል። በመጀመሪያው ሥራ ላይ ጥሩ ሆኖ የተገኘው የክላስተር ሄድ መጠን ከ100 ኖድ 5 ገደማ ነበር። ሸክሙን ማዞር የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል።

ግን ሁለት ግምቶች አሉት። አንደኛው እያንዳንዱ ኖድ እስከ ሲንኩ (መረጃው ሁሉ እስከሚሰበሰብበት ጣቢያ) ድረስ በቀጥታ መላክ ይችላል የሚል ነው። የቆጋን ስፋት አንተ ታውቀዋለህ። ሁለተኛው በርቀት ልክ ኃይልን ማስተካከል ነው። በሞዴሉ 100 ሜትር ላይ ማጉያው በቢት 1 ማይክሮጁል ይበላል፤ ተቀባዩ ግን 50 ናኖጁል ብቻ። 20 እጥፍ ልዩነት ነው። በሲሲ2420 ደግሞ መቀበል ከመላክ ይበልጣል። ሞዴሉ እንዲህ ከሆነ «ቆጣቢ» የሚባለው መንገድ በወረቀት ላይ አንድ ነው፣ በማሳው ላይ ሌላ ነው።

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። በዚህ ሞዴል ላይ ብቻ ቆመው «ሊችን በዚህን ያህል አሻሻልን» የሚሉ ሥራዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ተማሪዎቻችን ጊዜያቸውን እዚያ ላይ ሲያፈሱ ማየት ያሳዝናል።

ማዕበል

ከጉልበቱ ወደ አጥቂው ልምጣ። ሊች ላይ ኢንክሪፕሽን ብቻ መደረብ የማይበቃበት ምክንያት አለ።

በ2003 ካርሎፍና ዋግነር ከበርክሌይ ባወጡት ሥራ በጊዜው የታወቁትን የራውቲንግ ፕሮቶኮሎች አንድ በአንድ ፈትሸው ነበር። ሊችም አለበት። ድክመቱ አንድ ነው። ኖዶቹ ክላስተር ሄዳቸውን የሚመርጡት በሲግናል ጥንካሬ ነው። አጥቂው ኃይለኛ ማሰራጫ ይዞ «እኔ ክላስተር ሄድ ነኝ» ቢል ሁሉም ወደ እሱ ይሄዳሉ። በገበያ መሃል ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው ለሁሉም ቅርብ እንደሚመስለው ማለት ነው። እሱ ይሰማሃል ማለት ግን አይደለም። የኖዶቹ ደካማ ሲግናል ወደ እሱ ላይደርስ ይችላል፤ ባዶ አየር ላይ እየላኩ ባትሪያቸውን ይጨርሳሉ። ይህን ነው ሄሎ ፍለድ የሚሉት።

ቁልፍ የሌለው የውጭ አጥቂ ከሆነ ማስታወቂያውን በማረጋገጫ ኮድ ታግደዋለህ። በተጨማሪ ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ መሥራቱን ሳታረጋግጥ ማንንም አትምረጥ። ርካሽ ነው፤ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ።

ከባዱ የውስጥ አጥቂ ነው። ኖድ ከማሳው ነቅሎ፣ ቁልፉን አውጥቶ፣ መልሶ የሚተክል። በ2005 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይካ2 በተባለ ኖድ ላይ ተሞክሮ፣ መሣሪያውና ዕውቀቱ ላለው ሰው የኖዱን ማኅደረ ትውስታ ሙሉ በሙሉ ለማውጣት ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ በቅቶታል። የቆጋ ማሳ ላይ ማን ሌሊት ይጠብቃል?

እና እዚህ ላይ ኃይልና ደህንነት በቀጥታ ይያያዛሉ። ብዙ «ኃይል ቆጣቢ» ፕሮቶኮል መንገድ የሚመርጠው ኖዶች ስለራሳቸው በሚናገሩት ነው። «ብዙ ባትሪ አለኝ»፣ «ለሲንኩ ቅርብ ነኝ»። ውሸታም ኖድ ሁለቱንም ይላል። የአካባቢው ትራፊክ ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል። ሲንክሆል ይሉታል። መንገድህ ይበልጥ «ኃይል አዋቂ» በሆነ ቁጥር ለውሸት ይበልጥ ክፍት ይሆናል። ዲዛይኑን ከዚህ ብትጀምረው ይሻላል ባይ ነኝ።

ዘመን_ቴክ

ብሎክቼይን ለምን አታስገባም? እያንዳንዱ ኖድ ያሳለፈው ፓኬት መዝገብ ላይ ቢሰፍር ማንም ሊዋሽ አይችልም። አሁን ብዙ ጽሑፍ እየወጣበት ነው።

ሶኬት

ወንድሜ ዘመን፣ ቴሎስቢ ያለው ራም 10 ኪሎባይት ነው። የፕሮግራም ቦታው 48 ኪሎባይት። መዝገቡ የት ይቀመጣል? ቦታ ቢኖር እንኳ መዝገብ ማመሳሰል ማለት ሁሉም ኖድ ሁሉንም መስማት አለበት ማለት ነው። ጋሼ አንቴና የአንድ ሰከንድ ማዳመጥን ዋጋ አሁን ነግረውናል።

ደግሞ የተያዘ ኖድ ትክክለኛ ቁልፍ አለው። ውሸቱንም በትክክለኛ ፊርማ ነው መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው። በጌትዌዩ (ሲንኩ ባለበት መውጫ) ጀርባ፣ በሰርቨር በኩል ልትጠቀምበት ትችላለህ፤ ያ ግን የራውቲንግ ጉዳይ አይደለም።

ዘመን_ቴክ

ገባኝ። ከጌትዌይ ወዲያ፣ በሰርቨሩ በኩል ያለውን ነበር ያሰብኩት፤ ኖዱ ላይ እንደማይሆን ተቀብያለሁ።

የጣና_ልጅ

ማዕበል አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ነው የከፈትሽልኝ። ሌላ ጥያቄ። ሊች ላይ ክላስተር ሄዱ የሁሉንም ንባብ ሰብስቦ አማካዩን ብቻ ይልካል። ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከዚያ ነው። ግን ንባቡ ከኖዱ እስከ ሲንኩ ድረስ በኢንክሪፕሽን ከተዘጋ ክላስተር ሄዱ ምን አይቶ ይደምራል?

ማዕበል

ኃይልና ደህንነት የምር የሚጋጩበት ቦታ ይሄ ነው። ሌላው ግጭት አብዛኛው የሚመስል ብቻ ነው።

ሦስት መንገድ አለህ። የመጀመሪያው ቁልፉን በየእርምጃው ማድረግ ነው። ክላስተር ሄዱ ይከፍታል፣ ይደምራል፣ እንደገና ይዘጋል። ቁጠባው ይኖራል። ግን አንድ ክላስተር ሄድ ከተያዘ የክላስተሩ ንባብ በሙሉ በአጥቂው እጅ ነው፤ ያነበዋል፣ ይለውጠዋል፣ ሲንኩም አያውቅም። ሊች ደግሞ ተራውን ስለሚያዞር የተያዘው ኖድ አንድ ቀን ተራው ይደርሰዋል።

ሁለተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ መዝጋት ነው። መሃል ላይ ማንም አይደምርም። ፓኬቱ ሁሉ እንዳለ ወደ ሲንኩ ይሄዳል። ለሲንኩ ቅርብ የሆኑት ኖዶች ሸክሙን ሁሉ ይሸከሙና ቀድመው ይሞታሉ።

ሦስተኛው ተዘግቶ ሳለ መደመር ነው። በ2005 ካስቴሉቺያ፣ ሚክሌቱንና ጹዲክ ያቀረቡት ቀላል ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ኖድ ንባቡ ላይ ከሲንኩ ጋር ብቻ የሚጋራውን፣ በየዙሩ የሚቀየር ምስጢራዊ ቁጥር ይደምርበታል። መሃል ያሉት ድምሩን ብቻ ያያሉ። ሲንኩ የሁሉንም ምስጢራዊ ቁጥሮች ስለሚያውቅ ከድምሩ ቀንሶ እውነተኛውን ያገኛል። ስሌቱ ተራ መደመር ስለሆነ ለትንሽ ፕሮሰሰር አይከብድም።

ገደቦቹንም ልንገርህ። ድምርና አማካይ ያሰላል፤ ትልቁንና ትንሹን ንባብ አይለይም። አንድ ኖድ ከቀረ ሲንኩ ማን እንደቀረ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ የቀሩት ዝርዝር አብሮ ይጓዛል። ምስጢር ይጠብቃል እንጂ መሃል ላይ ያለው ኖድ ድምሩ ላይ ሌላ ቁጥር እንዳይጨምር አይከለክልም።

አንቴና

ማዕበል አሳምራ አስቀመጠችው። እኔ የምጨምረው፣ የጣና ልጅ፣ መጀመሪያ አማካይ ያስፈልግህ እንደሆን ራስህን ጠይቅ። የመስኖ ሠራተኛው ማወቅ የሚፈልገው የትኛው ማሳ እንደደረቀ ነው። የአምስት ማሳ አማካይ ይህን ይደብቅበታል። አማካዩን ከተውከው ግጭቱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ንባብ 2 ባይት ነው። ኖዱ አራት ንባብ አጠራቅሞ በሰዓት አንዴ በአንድ ፓኬት ይላክ። መሃል ላይ ማንም መክፈት አያስፈልገውም፤ የፓኬቱም ብዛት በአራት ይካፈላል።

ውኃ_ሰው

እኔ የኔትወርክ ሰው አይደለሁም፤ የውኃ ባለሙያ ነኝ። ቆላ አካባቢ ብዙ ሠርቻለሁ። በአፋር ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ላይ የተገጠሙ ሴንሰሮች አሉ። እያንዳንዱ ሴንሰር በሳተላይት ወይም በሞባይል ኔትወርክ በቀጥታ ይልካል። አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም። ጉድጓዶቹ ስለሚራራቁ ሌላ አማራጭም የለም። ለማሳስ እንደዚያ አይሆንም ወይ? ለምን ኖድ ለኖድ መቀባበል አስፈለገ?

አንቴና

ትልቅ ጥያቄ ነው ያነሡት። እውነት ለመናገር ብዙ ቦታ ላይ መቀባበል አያስፈልግም። ሎራዋን የተባለው የረዥም ርቀት የሬዲዮ ኔትወርክ ለዚህ ነው የተስፋፋው። እያንዳንዱ ኖድ በቀጥታ ለጌትዌይ ይልካል። ገላጣ ሜዳ ላይ ኪሎሜትሮችን ይሄዳል። የሌላውን ፓኬት የሚያሳልፍ ኖድ ከሌለ ሲንክሆልም የለም፤ ፓኬት መርጦ የሚጥል አስተላላፊም የለም። ለሌላ ኖድ ብሎ የሚነቃ ሬዲዮም የለም።

መቀባበል የሚያስፈልገው መሬቱ ሲጋርድ ነው። ሸለቆ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ሕንፃ፣ የማዕድን ዋሻ። ወይም መረጃው ብዙ ሲሆን፤ ሎራ በረዥሙ ርቀት ሲሠራ በጣም ቀርፋፋ ነው። ለእርጥበት ንባብ ግን ፍጥነቱ ይበቃል። የጣና ልጅ፣ ቴሲስህ ላይ ይህን ማነጻጸሪያ ማስገባት አለብህ። መከላከያው ላይ ፈታኝ ቢጠይቅህ መልስ ይኖርሃል።

የጣና_ልጅ

ውኃ ሰው፣ ጋሼ አንቴና፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አስገባዋለሁ። ርዕሴ በመቀባበል ላይ ስለተመዘገበ ግን እሱን መተው አልችልም። ለዚያ ደግሞ ከሊች ይልቅ አርፒኤል ይሻላል ልትሉኝ ነው መሰለኝ?

ሶኬት

አዎ። አርፒኤል ለአነስተኛ ኃይል ኔትወርኮች የተሠራ የራውቲንግ ፕሮቶኮል ነው፤ በ2012 በአርኤፍሲ 6550 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። ኮንቲኪ በተባለው የኖዶች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ተሠርቶ ይገኛል፤ ኩጃ በተባለው ሲሙሌተሩ ላይ ሲሙሌት ማድረግ ትችላለህ፤ ኢነርጀስት የሚባለው ክፍል ደግሞ ሬዲዮው ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ እንደላከ፣ እንዳዳመጠ ለይቶ ይቆጥርልሃል። በሞዴል ከመገመት ይልቅ የምትለካው ነገር ይኖርሃል።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኖዶቹ እንደ ዛፍ ይያያዛሉ፤ የዛፉ ሥር ሲንኩ ነው። እያንዳንዱ ኖድ ከሥሩ ያለውን ርቀት በራንክ ይገልጻል፤ ዝቅ ያለ ራንክ ማለት ለሥሩ ቅርብ ማለት ነው። ማስታወቂያው በትሪክል ሰዓት ይሄዳል። ሁሉም ነገር ሰላም ሲሆን ክፍተቱ እጥፍ እጥፍ እየሆነ ይረዝማል። በኮንቲኪ የተለመደው ከ4 ሰከንድ ጀምሮ እስከ 17 ደቂቃ ገደማ ነው። ለውጥ ሲመጣ ወደ 4 ሰከንድ ይመለሳል። ቁጠባው የሚገኘው ከዚህ ነው።

ማዕበል

ጥቃቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ራንክን ዝቅ አድርጎ መናገር ሲንክሆል ይፈጥራል። ይበልጥ የሚያስፈራኝ የቨርዥን ቁጥሩ (ዛፉ ስንተኛ ጊዜ እንደተገነባ የሚናገረው) ነው። ቁጥሩን መጨመር የሚገባው ሥሩ ብቻ ነው። አንድ የተያዘ ኖድ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያውጅ ዛፉ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ይገነባል። የሁሉም ትሪክል ወደ 4 ሰከንድ ይመለሳል። ይህን በየተወሰነ ጊዜ ቢደጋግመው አንድም ፓኬት ሳይሰርቅ የኔትወርኩን ባትሪ ያሟጥጠዋል። ደህንነት የሌለው ራውቲንግ ቆጣቢ ሊባል አይችልም የምለው ለዚህ ነው።

መድኃኒት አለው። በ2011 ቬራ የተባለ መፍትሔ ቀርቧል፤ ሥሩ የሃሽ ሰንሰለት (ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት የተያያዙ ቁጥሮች) ያዘጋጃል፣ አዲስ ቨርዥን ሲያውጅ የሰንሰለቱን ቀጣይ ቁጥር ይገልጣል፣ ኖዶቹ አንድ ሃሽ አስልተው ያረጋግጣሉ። ሐሳቡ በ2001 ስፒንስ በተባለ ሥራ ውስጥ ከቀረበው ማይክሮቴስላ ከተባለው የማረጋገጫ ዘዴ ጋር ይቀራረባል። አንድ ሃሽ ማስላት ከአንድ ሚሊሰከንድ ማዳመጥ ጋር ቢነጻጸር ብዙ አያስጨንቅም። የራንክ ማረጋገጫው ግን በኋላ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶበታል። የቨርዥኑን ውሰድ፣ ለራንኩ ሌላ ፈልግ።

የጣና_ልጅ

ለራንኩ ምን ልፈልግ? የእምነት ስሌቴን ጋሼ አንቴና «ባትሪህን የጨረሰው እሱ ነው» አሉኝ። ከጣልኩት የውስጥ አጥቂውን በምን እይዘዋለሁ?

አንቴና

ሲንኩ ይያዘው። ጌትዌዩ ፀሐይ አለው፣ ኃይል አለው፣ ማኅደረ ትውስታ አለው። እያንዳንዱ ኖድ በፓኬቱ ውስጥ ተራ ቁጥር ያስገባል፤ 2 ባይት ይበቃል፤ ከሲንኩ ጋር ብቻ በሚጋራው ቁልፍ ይዘጋዋል። ሲንኩ የጎደሉትን ቁጥሮች ቆጥሮ ከየትኛው የዛፉ ቅርንጫፍ ፓኬት እየጠፋ እንደሆነ ያያል። ኖዶቹ አንድም ተጨማሪ ደቂቃ አይነቁም።

ማዕበል

እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። ሲንኩ ፓኬት እንደጠፋ ያውቃል፤ ማን እንዳጠፋው አያውቅም። በአገናኙ ደረጃ ያለው የመድረስ ማረጋገጫ የሚናገረው ቀጣዩ ኖድ መቀበሉን ብቻ ነው። አጥቂው ፓኬቱን ይቀበላል፣ «ደርሶኛል» ይላል፣ ከዚያ ይጥለዋል። ላኪው መንገዱ ጥሩ ነው ብሎ ይቀጥላል። እንዲያውም አጥቂው ሁልጊዜ ስለሚመልስ ምርጥ ጎረቤት ይመስላል። በአጠገቡ የሚያይ ዓይን ከሌለ ቅርንጫፉ በሙሉ ይጠረጠራል፤ ንጹሐኑም አብረው ይቀጣሉ።

አንቴና

ንጹሐን መቀጣታቸው እውነተኛ ችግር ነው። ግን ሲንኩ ከምትይው በላይ ማወቅ ይችላል። አርፒኤል ኖን-ስቶሪንግ በሚባለው አሠራር ሲሄድ እያንዳንዱ ኖድ ወላጁ ማን እንደሆነ ለሥሩ ይናገራል። ሥሩ ዛፉን በሙሉ ያውቃል። የአንድ ኖድ የራሱ ፓኬቶች በሙሉ እየደረሱ፣ በእሱ በኩል የሚመጡት የልጆቹ ብቻ ከጎደሉ ጥርጣሬው በጣም ይጠብባል። ልጆቹ ወላጅ ቀይረው መጥፋቱ ከቆመ ይበልጥ ይጠብባል።

ማዕበል

ይሄ ጥሩ ነው። አጥቂው የራሱንም ፓኬት በልኩ ቢጥልስ? ወይም ከተፈጥሮው የአየር ብክነት ብዙ ሳያልፍ ጥቂት ጥቂት ቢጥል?

እኔ የማቀርበው መካከለኛውን ነው። በሰላሙ ጊዜ ሲንኩ ብቻ ይቁጠር። አንድ ኖድ ሲጠረጠር ሲንኩ በአጠገቡ ላሉ ሁለት ሦስት ኖዶች ትእዛዝ ይላክ፤ ለአጭር ጊዜ ያን ኖድ ብቻ ያዳምጡ። ትእዛዙም የተረጋገጠ ይሁን፤ ካልሆነ አጥቂው ራሱ እየላከ ሁሉንም እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ባትሪ በእንቅልፍ ማጣት መግደል ስታጃኖና አንደርሰን በ1999 ያነሡት የቆየ ስጋት ነው።

አንቴና

በዚህ እስማማለሁ። የማዳመጡ ወጪ የሚከፈለው ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ ይሆናል። የጣና ልጅ፣ ቴሲስህ ይሄ ይሁን። ማዳመጥ ያለማቋረጥ ሲሆን፣ ጨርሶ ሳይኖር፣ እና በጥርጣሬ ብቻ ሲሆን፤ ሦስቱን አነጻጽር።

በአየር ብክነት ልክ ብቻ ለሚጥለው አጥቂ ግን፣ ለእርጥበት መለኪያ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የጠፋውን የሚቀጥለው ሰዓት ይተካዋል። የጋዝ ማፈትለክ ማስጠንቀቂያ ቢሆን ግን እንዲህ አልልም። እዚያ በሁለት የተለያየ መንገድ መላክ ግድ ነው፤ ባትሪውም ይከፈልበታል።

ሶኬት

ማንም ያላነሳው አንድ የሜዳ ነገር። በ802.15.4 ደህንነት እያንዳንዱ ፓኬት ቆጣሪ አለው። ቁልፉ ሳይቀየር አንድ የቆጣሪ ቁጥር ሁለት ጊዜ መደገም የለበትም፤ ከተደገመ የሁለቱን ፓኬቶች ይዘት ማነጻጸር ይቻላል፣ ምስጢሩ ይላላል። ኖዱ ባትሪ ሲቀየርለት ቆጣሪው ከዜሮ ከጀመረ ይሄው ደረሰ። መፍትሔው ቆጣሪውን በፍላሽ ማስቀመጥ ነው። በየፓኬቱ አትጻፍ፤ ፍላሽ መጻፍ ጉልበት ይፈልጋል፣ ፍላሹም ያልቃል። 1,000 ወደፊት አስቀድመህ ጻፍ፤ ሲነሣ ከዚያ ይቀጥል።

ደግሞ ለሁሉም ኖድ አንድ ቁልፍ አትስጥ። ማዕበል ያለችው የአንድ ደቂቃ ሥራ ያኔ የኔትወርኩን በር በሙሉ ይከፍታል። ከሲንኩ ጋር የየራሱ ቁልፍ፣ ከጎረቤት ጋር የጥንድ ቁልፍ። በ2003 የቀረበው ሊፕ የሚባለው አሠራር የጥንዱን ቁልፍ ተከላው ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያወጣና የመነሻውን ቁልፍ ያጠፋዋል።

የጣና_ልጅ

በኤሊፕቲክ ከርቭ (በይፋዊ ቁልፍ የሚሠራ የምስጠራ ስሌት) የጥንድ ቁልፍ ማውጣትስ? ለኖድ ይከብዳል ሲባል ነው የሰማሁት።

ሶኬት

በየፓኬቱ ከሆነ ይከብዳል። አንዴ ከሆነ አይከብድም። በ2004 ከሰን ማይክሮሲስተምስ የወጣ ሥራ ላይ፣ በ8 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ዋናውን ስሌት በ160 ቢት ከርቭ በ0.81 ሰከንድ ጨርሶታል። ዛሬ ረዘም ያለ ቁልፍ ነው የምትጠቀመው፤ ፕሮሰሰሩም ያኔ ከነበረው የተሻለ ነው። በተከላው ቀን ከየጎረቤቱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ብትከፍለው ባትሪው አይሰማውም።

የጣና_ልጅ

እንግዲህ ዕቅዴን ልጻፍና እርማት ስጡኝ። ሊችን በአርፒኤል እቀይራለሁ። ኩጃ ላይ በኢነርጀስት እለካለሁ። ንባብ ሳይደመር፣ አራት አራት ተጠራቅሞ በሰዓት አንዴ ይላካል። ከሲንኩ ጋር ለየብቻ ቁልፍ፣ ከጎረቤት ጋር የጥንድ። የቨርዥን ቁጥሩ በሃሽ ሰንሰለት። ራንክ የሚዋሸውንና ፓኬት የሚጥለውን ሲንኩ በተራ ቁጥር ይጠረጥራል፤ ጎረቤቶች የሚያዳምጡት ሲታዘዙ ብቻ ነው። ከሎራዋን ጋር አነጻጽራለሁ። አድቫይዘሬ ጋ ይዤው ልሄድ ነው።

ማዕበል

አሪፍ ነው። አጥቂውን የት እንደምታስቀምጠው ግን አልጻፍክም። ብዙ ሥራ ላይ በዘፈቀደ ይቀመጥና ውጤቱ ያምራል። ዳር ላይ ያለ አጥቂ ምንም አያገኝም። አንተ ከሲንኩ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ አስቀምጠው። የሁሉም ትራፊክ የሚያልፈው እዚያ ነው፤ ቀድሞ የሚሞተውም ኖድ እዚያ ያለው ነው።

አንቴና

የኔትወርኩንም ዕድሜ የመጀመሪያው ኖድ በሞተበት ቀን ብቻ አትለካ። ዳር ላይ አንድ ኖድ ቢሞት አንድ ማሳ ነው የጠፋው። ከሲንኩ አጠገብ ቢሞት ግማሹ ማሳ ሊጠፋ ይችላል። ስንት ንባብ በትክክል ለሲንኩ እንደደረሰ፣ ለእያንዳንዱ የደረሰ ንባብ ስንት ሚሊጁል እንደወጣ ለካ። አጥቂ ሳይኖርም፣ ሲኖርም።

በ2005 በኔዘርላንድ አንድ የድንች ማሳ ላይ ወደ 100 የሚሆኑ ኖዶች ተተክለው ለሲንኩ የደረሰው መረጃ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አጥቂ አልነበረም። ኖዶቹ ግን ባትሪያቸውን እየበሉ ነበር። የኖድ ዕድሜን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ያንን አያሳይህም።

ውኃ_ሰው

ተከላ ላይ ከደረስክ ጻፍልኝ። ሴንሰሩን ከቦዩ ምን ያህል ማራቅ እንዳለብህና ምን ያህል ጥልቀት ላይ መቅበር እንዳለብህ ላሳይህ እችላለሁ። ስንዴና በቆሎ ሥራቸው አንድ ዓይነት ጥልቀት የለውም።

የጣና_ልጅ

እጽፍልዎታለሁ። አጥቂውን ከሲንኩ አጠገብ አድርጌ መጀመሪያ ያለ ምንም መከላከያ አሂደዋለሁ፤ ከዚያ ሦስቱን አማራጮች በተራ። ኮዱንና የኩጃውን ፋይል እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ።